የሰባተኛው ቀን ጉቶ

ወጣቱ ካለን ፕራውስ የፈላ ሻይ በቀኝ እጁ ላይ እየፈሰሰ መሆኑን አላወቀም።

«እጅህን! ኧረ አንተ ልጅ፣ እጅህን!» ብለው ጮኹ አክስት ቨርና ከሻይ ማፍያው ጀርባ።

ቁልቁል አየ። ሻዩ ከኩባያው ጠርዝ አልፎ በእጁ ጀርባ፣ ከእጁም በነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ይወርዳል። ቆዳው ቀልቷል፤ ሌላ ምንም የለም። ኩባያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«አይሰማኝም አክስቴ።»

«እንደማይሰማህ አውቃለሁ። አንተ ስለማትጮህ እኮ ነው እኔ የምጮኸው!»

አክስት ቨርና ነጮች ከመምጣታቸው በፊት ከነበሩት የአገሩ የጥንት ባለቤቶች ወገን ናቸው። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ በኩራቢን ከተማ ትልቁም ትንሹም አክስት ይላቸዋል፤ ሻይ በተቀዳበት ቦታ ሁሉ እሳቸው አሉ። ጠረጴዛውን በጨርቅ እየጠረጉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስንት ደብዳቤ ነው ያልመለስክላት?»

«የቷ?»

«የቷ ይለኛል! ፖስታ የሚያድለው ወንድሜ መሆኑን ረሳኸው? በራችሁ ላይ ካለው ቢዶን ውስጥ ቴምብር የሌለው ደብዳቤ አራት ጊዜ አይቷል።»

«ስድስት ነው» አለ ካለን።

አክስት ቨርና ጨርቁን እንደያዙ ቀሩ።

ያን ቀን የኩራቢን አዳራሽ ጢም ብሎ የሞላው ለሻይና ለኬክ አልነበረም። ከስምንት ወር በፊት፣ ከገና በኋላ ባለው ሳምንት፣ ከተማዋን የበላው እሳት እንዴት እንደተነሣ የሚያጣራ ኮሚቴ ከሲድኒ መጥቶ ነበር። ከተማው ግን ኮሚቴ ሳይጠብቅ አጣርቶ ጨርሷል። ሐዘን የገባበት ከተማ መጀመሪያ ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ ካገኘ በኋላ ሐዘኑን ትቶ ጥፋተኛውን ይይዛል። የኩራቢን ጥፋተኛ ሜሪን ኦክሊ ነበረች፤ የጥብቅ ደኑ ኃላፊ።

ወንጀሏ ይህ ነው። ከከተማው በስተምዕራብ ያለው ጋራ በብርዱ ወራት ቀድሞ ሊቃጠል ሦስት ጊዜ ታቅዶ ነበር። የወደቀው ቅጠልና ጭራሮ በለስላሳ እሳት ይነሣል፤ የበጋው እሳት ሲመጣ የሚበላው ያጣል። ሜሪን ሦስቱንም ጊዜ ሰረዘችው። ፊርማዋ አለበት። ጋራው በመብረቅ ሲቀጣጠል እሳቱ የሚበላው ሞልቶ ተትረፍርፎለት ነበር።

በሩ ተከፈተና ሜሪን ገባች። ወሬው ጸጥ አለ። የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች፤ በቀኟም በግራዋም ሦስት ሦስት ወንበር ባዶ ቀረ። ከመቀመጧ በፊት ግን ዞር አለችና ካለንን አየችው። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ዓይኖቿ ጎድጉደዋል፤ ጥያቄው ግን ስምንት ወር ሙሉ ያው ነበር፤ ትጠላኛለህ?

ካለን ዓይኑን ወደ ኬኩ አዞረ። «ፈሪ» አለ በልቡ፣ ራሱን። ስድቡ እንኳ አልተሰማውም።

*

ነገሩ የተጀመረው በቢዶን ነው። በእነካለን የከብት እርባታ በር ላይ፣ በግንድ ላይ የተጋደመ አሮጌ የወተት ቢዶን አለ፤ ፖስታ የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። ሜሪን መጀመሪያ የጣለችበት ደብዳቤ ማኅተም ያለው ማስጠንቀቂያ ነበር፤ «ከብቶቻችሁ አጥር ጥሰው ደኑ ውስጥ እየጋጡ ነው» ይላል። ካለን በጀርባው ጻፈበትና መልሶ አስቀመጠው።

«ከብቶቹን አናግሬያቸዋለሁ። ማንበብ አንችልም ይላሉ።»

በሦስተኛው ቀን መልስ አገኘ። «ማንበብ የሚችል አንድ እንኳ ካለ ሐሙስ ከሰዓት አጥሩ ዘንድ ይምጣ።»

መጣ። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሁሉ የእነሱ ሆነ።

ማንም እንዲያውቅ አልተፈለገም፤ የካለን አባት ሚስተር ዴስ ፕራውስ ናቸዋ። ሠላሳ ዓመት የከተማው የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች ካፒቴን ሆነው ኖረዋል፤ ሜሪንን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም፤ «ያቺ ቅጠል ቆጣሪ» ነው የሚሏት። «አያቴ ያቃጥል ነበር፤ አባቴ ያቃጥል ነበር፤ ጋራው አንድ ቀን አልነከሰንም። አሁን ክብሪት ለመጫር ወረቀት! ወረቀቱን ለማስፈረም ሌላ ወረቀት!» ይሉ ነበር እራት ላይ። ሐሙስ ሲደርስ ካለን ይህንኑ ለሜሪን ያወራላታል። እሷም «የአያትህን ክብሪት የአያትህ ዝናብ ይጠብቀው ነበር፤ ዝናቡን አምጡልኝና እኔ ራሴ እለኩስላችኋለሁ» ትላለች። ካለን በሁለቱም ይስቅ ነበር። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ እንደሚችሉ ያኔ አልታየውም።

ባለፈው ዓመት በብርዱ ወራት ማብቂያ ላይ አባትና ልጅ ከታችኛው ግቢ የደረቀ ትልቅ ባሕር ዛፍ ጣሉ፤ ቅርንጫፉን በጉቶው ላይ ከምረው አቃጠሉት። ከተቃጠለ በኋላ ደግሞ ሕግ አለ። ዴስ ይህን ሕግ ለካለን ያስተማሩት ገና በአሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። እሳቱ ጠፍቶ አመድ ከሆነ በኋላ ሰባት ቀን በተከታታይ እየሄድክ፣ ጓንት አውልቀህ፣ የጉቶውን ዙሪያ በእጅህ ጀርባ ትዳስሳለህ። መጀመሪያ አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርገህ፣ ቀጥለህ አፈሩን ነክተህ።

«በመዳፍ አይደለም» ብለውት ነበር። «መዳፍ ሠራተኛ ነው፤ ደንድኗል፤ ይዋሽሃል። የእጅ ጀርባ አይዋሽም። በስድስተኛው ቀን እንኳ ትንሽ ሙቀት ካገኘህ ትቆፍራለህ፣ ውሃ ታጠጣለህ፣ ቆጠራውን ከአንድ ትጀምራለህ።»

ካለን ስድስት ቀን ዳሰሰ። ጉቶው በርዶ ነበር። ሰባተኛው ቀን ሐሙስ ሆነ።

ያን ሐሙስ ከሜሪን ጋር ወንዙ ዳር ዋሉ። «እወድሃለሁ» ያለችው ያን ቀን ነው፤ ቀድማ ተናገረችና ራሷ ደንግጣ ፊቷን ሸፈነች። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። የካለን እጅ ግን ያን ቀን ቅጠል የሚይዝበት ጊዜ አልነበረውም፤ የእሷን እጅ ይዞ ነበር።

እራት ላይ አባቱ ሥጋቸውን እየቆረጡ ጠየቁት።

«ጉቶው?»

«በርዷል» አለ ካለን።

ከዚያ አምስት ወር ዝናብ ጠብ አላለም። እሳት በሥር ውስጥ ሲሄድ ጭስ የለውም፤ ቀንድ አውጣ ይቀድመዋል። ከገና በኋላ ባለው ሳምንት፣ በዚያ ሰው በሚያሳብድ ነፋስ ቀን፣ አባትና ልጅ የእሳት አጥፊዎቹን የውሃ ቦቴ ይዘው ጋራው ላይ ሲታገሉ የካለን እናት ጃኔት ብቻቸውን ቤት ቀርተው ነበር። ስምምነታቸው ግልጽ ነው፤ የጋራው እሳት ወንዙን ሲሻገር ጃኔት መኪና አስነሥተው ይወጣሉ። እሳቱ ገና ወንዙን አልተሻገረም ነበር። ሬዲዮኑም አልተሻገረም ይል ነበር። ጃኔት ሬዲዮኑን እያዳመጡ ፈረሶቹን ያጠጡ ነበር።

ቤቱ ዘንድ ቀድሞ የደረሰው ካለን ነው። የብረቱን በር እጀታ በባዶ ቀኝ እጁ ያዘ፤ እጁ ከመዳፉ እስከ ጀርባው ያኔ ሞተ። ጀርባውን ሰጥቶ ሲዞር ግን ያየውን አየ። ጥቁሩ ዱካ የመጣው ከወንዙ በኩል አልነበረም። ከታችኛው ግቢ፣ ከጉቶው ሥር በክንድ ስፋት ይጀምርና እየሰፋ፣ እየሰፋ ቤቱን አቅፎታል።

ሰው ሁሉ ነፋሱ ከጋራው ፍም አምጥቶ ጣለ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል፤ ማንም አልተጠራጠረም። ካለንም አዎ አላለም፣ አይደለም አላለም። በእናቱ ቀብር ላይ አላለቀሰም። ሰው «ጠንካራ ልጅ» አለው። ጥንካሬ አልነበረም፤ ከእጁ የጀመረው መደንዘዝ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር እንጂ።

የሜሪን ደብዳቤዎች ከዚያ በኋላ መጡ። ቢዶኑ ብቻ ከእሳቱ ተርፏል። በስድስተኛው ላይ ሦስት መስመር ብቻ ነበር። «ከጠላኸኝ ጥላኝ፤ መጠላት ይቻላል። ግን ንገረኝ። የእናትህን ሞት ከዝምታህ ጋር አንድ ላይ መሸከም አቃተኝ።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የካለን ዝምታ ግን ነቅዞ ውስጡን ሊጨርሰው ጥቂት ቀርቶት ነበር።

*

«ስሜ ዴስሞንድ ፕራውስ ነው። ከብት አረባለሁ።» ዴስ አዳራሹ መካከል ቆመው ቆባቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። «ማለቴ፣ አረባ ነበር።»

አንዲት ሴት አፍንጫዋን ጠረገች። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት፣ እንዲቀጥሉ በራሷ ምልክት ሰጠች።

«ሬዲዮኑ የአየር ንብረት ነው፣ የአየር ንብረት ነው ይላል። ይሁን። እኔ አየርን ምን ልበለው? ሄጄ አየር ልክሰስ? አየር ፊርማ የለውም። ይቺ ሴትዮ ግን ፊርማ አላት! ጋራው ላይ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ጭራሮ ሲከመር እኔ ስጮህ፣ እሷ ቅጠል ትቆጥር ነበር። ለደኑ ወፎች አዘነች። ለሚስቴ ማን ይዘንላት?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ካለን ከኋላው ግድግዳውን ተደግፎ የአባቱን አንገት ያይ ነበር። አንገታቸው ቀጥኗል። እናቱ ቢኖሩ የሸሚዙን ቁልፍ አስጠግተው ይተክሉላቸው ነበር።

ሜሪን ተነሣች። ወረቀት ይዛ ነበር፤ ሳታየው ተናገረች።

«ፊርማው የኔ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ በመሰረዜ አልጸጸትም፤ ነፋስ ነበር፣ አፈሩም ደርቆ ዱቄት ሆኗል፤ ብንለኩሰው ያን ጊዜውኑ ያመልጠን ነበር። ሦስተኛው ግን… ግንቦት ላይ፣ ብርዱ ሲገባ፣ ሦስት ጥሩ ቀናት መጥተው ነበር። ሦስት ቀን ብቻ። ሰው አልነበረኝም፤ አንዱ የፈቃድ ወረቀትም ከበላይ አልመጣም። መጮህ ነበረብኝ፤ ጠረጴዛ መምታት ነበረብኝ። ጠበቅኩ። ይህን ዕድሜ ልኬን አስበዋለሁ።»

«ታዲያ ውጪልን!» አለ አንድ ጎረምሳ ከመካከል።

«አንተ አፍህን ዝጋ!» አክስት ቨርና ከሻዩ ጠረጴዛ ጀርባ በማንኪያ አመለከቱት። «እናቴ እሳትን እንደ ሕፃን እያባበለች ትመራው ነበር፤ ዛሬ እዚህ ትንሽ፣ ነገ እዚያ ትንሽ። ይህን እንዳታደርግ የከለከሏት የናንተው አያቶች ናቸው። አሁን ደግሞ አንዳችሁ ጭራሮው ነው ትላላችሁ፣ አንዳችሁ ዝናቡ ነው ትላላችሁ። ዝናቡም ቀርቷል፣ እጃችንም ሰንፏል! ሁለቱን ባንድ አፍ መናገር ምን ያንቃችኋል?»

እጃችንም ሰንፏል። ካለን ኪሱ ውስጥ ያለውን እጁን ሊጨብጥ ሞከረ። ጨብጦት እንደሆነ አላወቀም።

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አውርዳ ወረቀት ገለጠች። «የፕራውስ ቤት የተቃጠለው የጋራው እሳት ወንዙን ከመሻገሩ በፊት ነው። ነፋስ ባመጣው ፍም ነው ይላል መዝገቡ። ይህን ይቀበሉታል ሚስ ኦክሊ?»

«ጋራው የኔ ኃላፊነት ነበር» አለች ሜሪን። «ፍሙ ከጋራው ከመጣ እሱም የኔ ነው።»

«እንግዲያው፣ ሌላ የሚናገር ከሌለ…»

ሜሪን ዞረች። ካለንን ለሁለተኛ ጊዜ አየችው። ይህኛው አስተያየት ግን ጥያቄ አልነበረበትም። መሰናበቻ ነበር። ጠዋት ሲገባ መኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ ሻንጣ አይቷል፤ ፋይሉ እንዲህ ከተዘጋ ሥራዋንም ኩራቢንንም ለቃ እንደምትሄድ ከተማው ሁሉ ያውቃል። አሁን አንድ ቃል ካልተናገረ ይህ ፊት በዚህ መልኩ እንደታየው ይቀራል።

«ጉቶው ነው» አለ።

ማንም አልሰማውም። ከግድግዳው ተላቀቀ።

«ፍም አይደለም። ከታችኛው ግቢያችን፣ እኛ ካቃጠልነው ጉቶ ነው የተነሣው። ዱካውን አይቼዋለሁ። አባቴ በርዷል ወይ ሲለኝ በርዷል አልኩት። ዋሽቼ ነው። ሰባተኛውን ቀን አልዳሰስኩም።»

በአዳራሹ ካሉት ወንዶች ግማሾቹ፣ ከሴቶቹም ብዙዎቹ፣ ቦቴ ላይ ወጥተው እሳት የተጋፈጡ ናቸው። ይህ ዓረፍተ ነገር ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳቸው አላስፈለጋቸውም። አንዳንዶቹ ሳያስቡት የገዛ እጃቸውን ጀርባ አዩ።

«እሳት አመድ ወለደ» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

«ማነው እሱ?» ዴስ ተወርውረው ዞሩ። «ማነው? ና እዚህ ፊቴ ቆመህ በለው!»

ማንም አልመጣም። ዴስ ልጃቸውን አዩ፤ እንደገና ቆባቸውን አዩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ከቅድሙ ድምፅ ጋር የአንድ ሰው አይመስልም ነበር።

«ተቀመጥ ካለን። አውቃለሁ።»

«አባዬ…»

«አውቃለሁ አልኩህ! ሠላሳ ዓመት የእሳት ዱካ ሳነብ ኖሬ የገዛ ግቢዬን ማንበብ ያቅተኛል? በማግስቱ ጉቶውን በትራክተር ነቅዬ ጉድጓዱን ደፈንኩት። ሆድ ይፍጀው አልኩ።» ወደ ሰብሳቢዋ ዞሩ። «እሳቱ ሚስቴን ወሰደ። ይህ ልጅ እውነቱን ቢያወጣው እሱንም ይወስድብኛል። ስለዚህ ሰዉ ሁሉ ጋራ ጋራውን እንዲያይ ጮህኩ። ለእሳቱ ሌላ ሰው ሰጠሁት።»

ቀጥለው ወደ ፊተኛው ረድፍ፣ ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች ተራመዱ።

«አንቺን ሰጠሁት፣ ሜሪን።» በስሟ ሲጠሯት የመጀመሪያቸው ነው። «ይቅርታ ብልሽ ያንሳል። ስለዚህ አልልሽም።»

ካለን አባቱን አየ። ስምንት ወር በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ ሁለቱም አንዱን ምስጢር አንዳቸው ከሌላው ሲደብቁ ኖረዋል። ማልቀስ እንደሚገባው አሰበ። ውስጡን ፈለገ፤ እንደ ባዶ ጎተራ ነበር።

ሰብሳቢዋ ወደ ሜሪን ዞረች። «ሚስ ኦክሊ፣ በሙያዎ… ጉቶ አምስት ወር እሳት ይይዛል?»

ሜሪን ሳትነሣ መለሰች። «በሚስተር ፕራውስ አባት ዘመን አይይዝም ነበር። በብርዱ ይዘንባል፣ ሥሩ ይጠፋል፤ ሰው አንድ ቀን ቢረሳ ያልፍለታል። ባለፈው ዓመት አልዘነበም።» ወረቀቶቿን ሰበሰበች። «ድሮ ይቅር የሚለን መሬት አሁን ይቅር አይለንም። ስህተቱ ግን ያው የድሮው ነው።»

ወጣች። በካለን አጠገብ ስታልፍ አላየችውም፤ የኮቷ ጫፍ ብቻ እጁን ነካው። የተሰማው ግራው ስለነበር ነው።

*

ከአዳራሹ ጀርባ፣ ቦቴው የሚቆምበት መጋዘን ጎን አገኛት። በመኪናዋ በር ላይ አንድ ሰው በሚስማር የጻፈው ስድብ አለ፤ ልትፍቀው ሞክራ ይበልጥ አድምቃዋለች። ቁልፏን በእጇ ይዛ በሩን ሳትከፍት ቆማ ነበር።

«ስምንት ወር» አለች።

«አዎ።»

«አዎ አትበለኝ!» ዞረች። «ዳቦ ቤት ስገባ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ጎን ይስቡ ነበር፣ ታውቃለህ? እኔ ግን በነሱ አልተናደድኩም። ለምን መሰለህ? አምኜያቸው ነበር! የካለንን እናት ገድያለሁ ብዬ ነው ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ የምነሣው። አንተ ደግሞ አንዲት ቃል… አንዲት ቃል ካለን! ‹አንቺ አይደለሽም› ለማለት ስንት ወረቀት ይፈጃል?»

ካለን ግራ እጁን ወደ ጃኬቱ የውስጥ ኪስ አስገብቶ ስድስቱን ደብዳቤዎች አወጣ። ከመታጠፍ ብዛት ማጠፊያቸው ላይ ሳስተዋል።

«በቃሌ አውቃቸዋለሁ» አላት።

«ታዲያ?»

«አንዲት ቃል ብጽፍልሽ ሁሉንም መጻፍ ነበረብኝ። ሁሉንም ስጽፍ ደግሞ ያን ሐሙስ መጻፍ ነበረብኝ። ጉቶውን ትቼ የት እንደነበርኩ።»

ያን ሐሙስ ካለን ሰባተኛ ቀን እንደነበረበት ሜሪን አታውቅም ነበር። ሲገባት አየው፤ ቀስ ብሎ ከዓይኗ ወደ ከንፈሯ ወረደ።

«ወንዙ ዳር» አለች።

«ወንዙ ዳር።»

ከአዳራሹ ድምፅ ይሰማል፤ ወንበር ሲሳብ፣ ሰው ሲጨቃጨቅ። በተከፈተው የጓሮ በር ዴስ ብቻቸውን ተቀምጠው ይታያሉ፤ አክስት ቨርና ሻይ አምጥተው እጃቸው ላይ አስጨበጧቸው፤ እስኪጠጡም አጠገባቸው ቆሙ።

«ትጸጸትበታለህ?» አለች ሜሪን። ቀና ብላ ሳታየው ነው የጠየቀችው። «ያን ሐሙስ?»

ይህን ጥያቄ ነበር ስምንት ወር የፈራው፤ እሷ ሳትጠይቀው ራሱን ሲጠይቅ የኖረውም ይህንኑ ነው።

«ልጸጸት ሞከርኩ» አለ። «በእናቴ መቃብር ላይ ቆሜ ሞከርኩ። ሌላው ሁሉ ይሆንልኛል፤ ጉቶው ይጸጽተኛል፣ ውሸቴ ይጸጽተኛል። ያ ሐሙስ ግን አልሆነልኝም። እናቴ ሞታ እንኳ አልሆነልኝም ሜሪን። ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። ለዚህ ነው ያልጻፍኩልሽ።»

ሜሪን ፊቷን በክንዷ ሸፈነች፤ ልክ ወንዙ ዳር እንደሸፈነችው። ካለን ሊያቅፋት ፈለገ፤ በየትኛው መብት ብሎ ቆመ። ሁለቱ መካከል አንድ እርምጃ ብቻ ነበረ፤ ማንም አልተራመደውም።

ከዚያ ሜሪን ዓይኗን ጠረገች። የቀኝ እጇን ጓንት በጥርሷ ነክሳ አወለቀችው። ተጠጋችና የጃኬቱን ክፈፍ ገለጥ አድርጋ እጇን፣ መዳፏን ሳይሆን የእጇን ጀርባ፣ ወደ ደረቱ አመጣች። መጀመሪያ አንድ ጣት ያህል አራቀችው። ቀጥላ ሸሚዙን ነካች።

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«እየዳሰስኩ ነው። ዝም በል።»

እጇ ከቦታ ቦታ ቀስ እያለ ተንቀሳቀሰ፤ ከደረቱ መሐል ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ጎድኑ፣ አንዲት ጥግ ሳትዘል። አፈር ስትዳስስ እንደዚሁ ናት፤ አትቸኩልም። ንፋሱ ከጋራው ወርዶ መጣ፤ የባሕር ዛፍ ቡቃያ ሽታ ነበረው። ከተቃጠለው ግንድ ላይ አዲስ ቅጠል ማውጣት ከጀመረ ወር ሆኖታል።

«ይቅር አላልኩህም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ነገም አልልህ ይሆናል።»

«አውቃለሁ።»

እጇን አንሥታ ጓንቷን መልሳ አጠለቀች። ፊቷ እንደ ደከመ ሰው ፊት ነበር፤ የሥራ ፊት።

«አልበረደም» አለች። «ነገ እመጣለሁ። ከአንድ እንጀምራለን።»

መኪናዋን አስነሣች። ካለን ከመጋዘኑ ጎን ቆሞ በዓይኑ ተከተላት። መንገዱ መገንጠያው ላይ በግራ ወደ አስፋልቱ፣ ወደ ከተሞቹ ይወስዳል፤ በቀኝ ወደ ጋራው፣ ወደ ቤቷ። መኪናው ቆመ፤ ረዘም ላለ ጊዜ ቆመ። ከዚያ ወደ ቀኝ ዞረ።

ካለን ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ እሷ የዳሰሰችው ቦታ ላይ አደረገው። እጁ ምንም አልነገረውም። በግራው ለወጠው፤ ሸሚዙ ሞቆ ነበር፤ ከሸሚዙም ሥር ልቡ ትመታለች። እናቱን አሰበ፤ ሬዲዮኑን እያዳመጡ ለፈረሶቹ ውሃ ሲቀዱ።

ከስምንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አመመው።